ዝም ይነቅዛል

ባለፈው ሰኔ፣ ዝናቡ ጀምሮ መብራቱ በጠፋበት አንድ ማታ ስልክ ተደወለልን። የደወለችው ከእኛ አንድ ዓመት ቀድማ በኤኮኖሚክስ የተመረቀች፣ እዚሁ ዶርማችን ውስጥ በበሩ በኩል ካለው ተደራራቢ አልጋ ከላይ ትተኛ የነበረች ጓደኛችን ናት። ዛሬ በአንድ ወረዳ የዕቅድና የበጀት ባለሙያ ሆና ትሠራለች። ስሟን አንጠራም፤ ወረዳውንም አንጠራም፤ ነገሩ ገና አልበረደምና።

«ልጆች፣» አለችን፣ «ማዳበሪያ ለገበሬው በሙሉ ተዳርሷል የሚል ሪፖርት ጻፊ ተብያለሁ። መጋዘኑን ደግሞ ትናንት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግማሹ እዚያው ተከምሮ ነው ያለው። ልጻፈው? ልናገር? ወይስ አሞኛል ብዬ ቤቴ ልተኛ?»

አራት ሆነን ስልኩን ከበብነው። መቸም የዶርም ሸንጎን ታውቁታላችሁ፤ ዳኛ የለው፣ ሁሉም ጠበቃ ነው። አንዷ ወዲያው «ዝም አይነቅዝም» አለች። አያቶቻችን የሚሉት ነው፤ እህል ጎተራ ውስጥ ሲከርም ይነቅዛል፣ ዝምታን ግን የቱንም ያህል ቢያስቀምጡት አይበላሽም ማለታቸው ነው። ሌላዋ ተቆጣች፤ «አገሩ የነቀዘው በዚሁ በዝምታ አይደል እንዴ?» ሦስተኛዋ፣ ለወትሮው ማታ ማታ ከመጽሐፍ ቀና የማትለው፣ «እስቲ ቆዩ፤ የአንድ ህንዳዊ ሽማግሌ ታሪክ ልንገራችሁ» አለች። ይኸኔ የወዲያኛዋ ካርድ አለቀና ስልኩ ተዘጋ። ወሬው ግን አልተዘጋም፤ ሻማው እስኪያልቅ ድረስ ስለ ሽማግሌው ስናወራ አመሸን፤ በማግስቱም ላይብረሪ ገብተን የጎደለንን ፈለግን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የተገኘ ነው።

ሽማግሌው ማንሞሃን ሲንግ ይባላሉ። ሦስተኛዋ እሳቸውን ያወቀቻቸው በሽሮ ምክንያት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት የምንበላባት ሽሮ ቤትም የዋጋ ሰሌዳዋን አጥፍታ አዲስ ጻፈች። የኛይቱ ኤኮኖሚስት «እማማ፣ ሽሮ እኮ ከአሜሪካ አይመጣም» ብላ ተከራከረች። ባለቤቲቱም «ዘይቱስ? ጋዙስ? ሽሮውን የሚያመጣው መኪና በምን ይነዳል?» ብለው አፏን አስያዟት። ልጅት በዚያ እልህ የዓመቱን መመረቂያ ጽሑፏን በምንዛሪ ላይ አደረገችው። ገንዘቡን ዝቅ አድርጎ የኖረ አገር ማነው፣ የወደቀስ ማነው እያለች ስታገላብጥ የ1991ዋን ህንድ አገኘች። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ህንድ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከገቡት አያቶቻችን ስንቶቹ ናቸው ሒሳብና ፊዚክስ በህንድ መምህራን የተማሩት! የመምህሮቻቸውን እንግሊዝኛ እየኮረጁ ሲያስቁን ነው ያደግነው። ዛሬ መንገዱን የሞላው ባጃጅም ስሙን ያገኘው ከሚሠራው የህንድ ፋብሪካ ነው። ባጃጅን አስታውሱልን፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ማንሞሃን በ1932 ጋህ በምትባል የፑንጃብ መንደር ተወለደ። መንደሯ ዛሬ በፓኪስታን ግዛት ውስጥ ናት። መብራት አልነበራትም፤ ልጁ ያጠናው በኩራዝ ነው። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞተች ያሳደገችው የአባቱ እናት ናት። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከቀዬው ሲፈናቀል፣ የሱም ቤተሰብ የያዘውን ይዞ ተሰደደና መጨረሻው አምሪትሳር ሆነ። ልጁ ያን ጊዜ ገና 15 ዓመት አልሞላውም።

አባት ልጄ ሐኪም ይሁንልኝ አሉ። ልጁም ለሕክምና የሚያዘጋጀውን ትምህርት ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ተወው። እዚህ ላይ ሁላችንም ሳቅን፤ በዶርማችን ውስጥ ዘመድ «ዶክተር» ብሎ ሲጠራት ኖሮ ኤኮኖሚክስ የገባች ከአንድ በላይ አለችና። እሱ ኤኮኖሚክስን የመረጠው ግን ነጥብ አንሶት አይደለም። አንዱ አገር ደሃ፣ አንዱ ሀብታም የሆነው ለምንድነው የሚለው ጥያቄ ስለያዘው ነው። በፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዲግሪ በአንደኝነት ሠርቶ፣ በስኮላርሺፕ ካምብሪጅ ገባ። ያስተማሩት እነ ጆአን ሮቢንሰንና ኒኮላስ ካልዶር ናቸው፤ በ1957 በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሰ። ልጁ ስለ ወላጆቿ በጻፈችው መጽሐፍ እንደተረከችው፣ ገንዘቡ እየሳሳበት ምግብ የዘለለበት፣ በቸኮላት ብቻ የዋለበት ቀን ነበረው። የወር መጨረሻን የምናውቅ ሰዎች ይህን ለማመን ምስክር አንፈልግም።

በ1962 ከኦክስፎርድ ዶክትሬቱን ያዘ። ከዚህ በኋላ አንቱ እንላቸዋለን። የጻፉት በህንድ የወጪ ንግድ ላይ ነው። በዚያን ዘመን ደሃ አገር ወደ ውጭ ሸጦ አያልፍለትም፣ በሩን ዘግቶ ሁሉን በቤቱ ቢሠራ ይሻላል የሚለው ሐሳብ የገነነ ነበር። እሳቸው ቁጥሩን አገላብጠው፣ የወጪ ንግዱ የደከመው በውጭ ገበያ ክፋት ብቻ ሳይሆን በገዛ አገራቸው ፖሊሲም ነው አሉ። በ1964 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ብዙ ሰው አነበበው ማለት አይደለም፤ ግን ሰውዬው ያን ጊዜ የጻፉትን ለመሥራት 27 ዓመት ጠበቁ።

የጠበቁትም ከመንግሥት ርቀው አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ሠሩ፤ በዴልሂ አስተማሩ፤ ከ1971 ጀምሮ ደግሞ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ የመንግሥት ዋና የኤኮኖሚ አማካሪ፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ዋና ጸሐፊ፣ ከ1982 እስከ 1985 የሪዘርቭ ባንኩ ገዥ፣ ከዚያም የፕላን ኮሚሽኑ ምክትል ሊቀ መንበር ሆኑ። ከ1987 እስከ 1990 ጄኔቭ ተቀምጠው፣ ጁሊየስ ኔሬሬ ይመሩት የነበረው የደቡብ ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ በር የተዘጋበት ኤኮኖሚ ሲመራ እሳቸው ውጭ ቆመው ድንጋይ ሲወረውሩ አልነበረም፤ ውስጥ ተቀምጠው ፋይል ይፈርሙ ነበር። ይህን የተናገረችው አራተኛዋ ናት፤ ነገሩን ኋላ ላይ አምጥታ ተከራከረችበት።

ስለ 1991 ሰፋ አድርገን እንናገር፤ የሰውዬው ሕይወት ማገሩ እዚያ ላይ ነውና።

የህንድ መንግሥት ለዓመታት ከሚያገኘው በላይ ሲያወጣ ኖሮ የበጀት ጉድለቱ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 8 በመቶ አልፏል። በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር ነዳጅ ተወደደ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሠሩ የነበሩ ህንዳውያን የሚልኩት ገንዘብም ታወከ። አበዳሪ ሸሸ። በ1991 አጋማሽ ላይ ካዝናው ውስጥ የቀረው የውጭ ምንዛሪ የሁለትና የሦስት ሳምንት ዕቃ ቢገዛ ነው። ወርቅ ወጣ። በግንቦት ወር የነበረው መንግሥት 20 ቶን ወርቅ መልሶ ሊገዛው ተዋውሎ ለስዊስ ባንክ ሸጠ። በሐምሌ ደግሞ አዲሱ መንግሥት ወደ 47 ቶን የሚጠጋ ወርቅ በአውሮፕላን ወደ ውጭ አውጥቶ በእንግሊዝና በጃፓን ባንኮች ዘንድ መያዣ አደረገ፤ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመበደር። በህንድ ወርቅ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የሙሽራ ጥሎሽ፣ የክፉ ቀን ቅርስ ነው። ለአንድ ህንዳዊ የአገሩ ወርቅ መያዣ ሆነ ሲባል መስማት፣ ለእኛ የእናታችን የአንገት ሐብል ለአራጣ አበዳሪ ተሰጠ እንደማለት ነው።

በሰኔ ወር ናራሲምሃ ራኦ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ለገንዘብ ሚኒስትርነት የፈለጉት ፖለቲከኛ ሳይሆን ባለሙያ ነበር። መልእክተኛው ሲደርስ ዶክተር ሲንግ ተኝተው ነበር፤ ቢነግሯቸውም ነገሬ አላሉትም። በማግስቱ እንደወትሯቸው ቢሯቸው ገቡ። ያን ጊዜ ሥራቸው ምን መሰላችሁ? ለዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ የሚያከፋፍለው ኮሚሽን ሊቀ መንበርነት። ራኦ ራሳቸው ደውለው፣ ሄደህ ልብስህን ለብሰህ ለመሐላ ና አሏቸው። ሲንግ በኋላ ሲያወጉ፣ ራኦ በቀልድ መልክ ነገሩ ከተሳካ ሁላችንም የኛ ነው እንላለን፣ ካልተሳካ ግን አንተ ትባረራለህ ብለውኛል ብለዋል። ቀልዱን አትናቁት። ከፊት የቆሙት ኤኮኖሚስቱ ናቸው፤ ፓርላማውን የያዙት ግን ከኋላ ያሉት አሮጌ ፖለቲከኛ ናቸው። ዕውቀት ብቻውን መራመጃ እግር የለውም።

ሐምሌ 1 እና ሐምሌ 3 ሩፒ በሁለት እርምጃ ዝቅ ተደረገች፤ በድምሩ 18 በመቶ ገደማ። ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላ ራኦ ጩኸቱ በዝቶባቸው ሁለተኛውን አስቁም አሏቸው። ሲንግ ማለዳ ወደ ባንኩ ምክትል ገዥ ደወሉ፤ ምክትል ገዥውም አዝናለሁ፣ አሁን ታውጇል አሏቸው። በዚህ ምክንያት ሲንግ አዘኑ የሚል አላገኘንም።

ሐምሌ 24 በአንድ ቀን ሁለት ነገር ሆነ። ቀን ላይ አዲሱ የኢንዱስትሪ ፖሊሲ ወጣ፤ ማታ ሲንግ በጀታቸውን ለፓርላማው አነበቡ። እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ ፋብሪካ ለመክፈት፣ ለማስፋት፣ ምን ያህል ለማምረት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ ባጃጅን እናምጣው። ባጃጅ ስኩተር የፈለገ ህንዳዊ ተመዝግቦ ዓመታት ይጠብቅ ነበር፤ ሰው ለልጁ ሠርግ የሚሆን ስኩተር ልጁ ገና ተማሪ ሳለ ይመዘገባል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ፋብሪካው መጨመር አቅቶት አይደለም፤ ከፈቃዱ በላይ ማምረት ክልክል ስለነበር ነው። ይህ የፈቃድ ሰንሰለት ከ18 የኢንዱስትሪ ዓይነቶች በቀር ለሁሉም ተበጠሰ። ከ300 በመቶ በላይ ይደርስ የነበረው ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ ወደ 150 በመቶ ወረደ። ሲንግ ንግግራቸውን ሲዘጉ ቪክቶር ሁጎን ጠቀሱ፤ ጊዜው የደረሰ ሐሳብን የሚያቆመው ኀይል የለም የሚለውን ማለታቸው ነው።

ግን በዚያው በጀት ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ የማዳበሪያ ዋጋ በ40 በመቶ እንዲጨምር ይላል። እዚህ ስንደርስ ሁላችንም ስለ ወረዳዋ ልጅ አሰብን። የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ሳይቀሩ ተነሡባቸው፤ ገበሬውን ገደልከው አሏቸው። ሲንግ ቀርበው ተከራከሩ፣ አዳመጡ፣ በመጨረሻም ጭማሪው ወደ 30 በመቶ ዝቅ ብሎ ትንንሽ ገበሬዎች ከጭማሪው ነፃ እንዲሆኑ ተደረገ። እኛን የገረመን መቀነሱ አይደለም። ሰውዬው በተፈጥሯቸው ድምፃቸው የማይሰማ፣ በስብሰባ የማይጮኹ ናቸው፤ ሆኖም በዚያ ዓመት ሒሳቡን ከነነውሩ፣ ወርቁን ከነመያዣው በፓርላማ ፊት አስቀምጠው፣ ይኸው ይህን ያህል ጎድሎናል አሉ። ለዝምተኛ ሰው ቁጥሩ ተናገረለት።

ከዚያ በኋላ ክምችቱ አገገመ፤ ወርቁን መያዣ ያደረገው ብድርም በዚያው ዓመት ተከፈለ። በ2009፣ እሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ፣ ህንድ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት 200 ቶን ወርቅ በ6.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛች። 18 ዓመት ነው ልዩነቱ።

አሁን ወደ መራራው እንምጣ።

ሲንግ ሕዝብ መርጧቸው አያውቅም። ፓርላማ የገቡት የክልል ምክር ቤቶች በሚመርጡት በላይኛው ምክር ቤት በኩል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1999 በደቡብ ዴልሂ ለታችኛው ምክር ቤት ተወዳድረው ተሸነፉ። በ2004 የኮንግሬስ ፓርቲ ሲያሸንፍ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ የተባሉት ሶንያ ጋንዲ አልፈልግም ብለው ወንበሩን ለሲንግ ሰጡ። የመጀመሪያው የሲክ እምነት ተከታይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ወንበሩ የእሳቸው፣ ፓርቲው የሶንያ። እናቶቻችን እንዲህ ያለውን የውሰት ቀሚስ ይሉታል፤ ያምራል፣ ግን ዘና ብለው አይቀመጡበትም።

ይህም ሆኖ የሠሩት ጥቂት አይደለም። በ2005 ማንም ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት የሚሰጥ ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት ለአንድ የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን ሥራ የሚያረጋግጥ ሕግ ወጣ። ከድህነት ወለል በታች ያለው ሕዝብ፣ በራሳቸው በህንዶች መለኪያ፣ በ2004/05 ከነበረበት 37.2 በመቶ በ2011/12 ወደ 21.9 በመቶ ወረደ። በነሐሴ 2005 ደግሞ፣ በ1984 ኢንዲራ ጋንዲ ከተገደሉ በኋላ በሲኮች ላይ ስለደረሰው ጭፍጨፋ በምክር ቤት ቆመው የሲክን ማኅበረሰብ ብቻ ሳይሆን መላውን የህንድ ሕዝብ ይቅርታ ጠየቁ። ልብ አድርጉ፤ ገዳዮቹ የእሳቸው ወገን አልነበሩም፤ የተገደሉት ናቸው የእሳቸው ወገን። ሆኖም የመንግሥት ራስ ነኝና በመንግሥት ስም አፍራለሁ አሉ። ይህን ስናነብ ዶርሙ ጸጥ አለ። ለምን ጸጥ እንዳለ መጻፍ አያስፈልገንም።

አዲስ አበባም መጥተው ነበር። ግንቦት 2003 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛው የአፍሪካና የህንድ ጉባኤ ለአፍሪካ 5 ቢሊዮን ዶላር የብድር መስመር ቃል ገቡ፤ ለኢትዮ-ጅቡቲ የባቡር መሥመር 300 ሚሊዮን ዶላር፤ በፓርላማችንም ንግግር አደረጉ። ያን ጊዜ እኛ ገና ፊደል የምንቆጥር ሕፃናት ነበርን። የተቀበሏቸው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቧቸው የሚገርም ነው፤ አንዱ ከመጽሐፍ ተነሥተው ቤተ መንግሥት የገቡ፣ ሌላው ከበረሃ ቤተ መንግሥት ገብተው፣ ሥልጣን ላይ ሳሉ ኤኮኖሚክስ ተምረው ዲግሪ የያዙ። የትኛው መንገድ ይሻላል ብለን ተከራክረን አልተስማማንም።

ከ2010 በኋላ የሲንግ መንግሥት መንቀዝ ጀመረ። የሞባይል ስልክ ሞገድ ያለ ጨረታ በርካሽ ተከፋፈለ ተባለ። ዋናው ኦዲተር መንግሥት ሊያገኝ ሲችል ያጣው እስከ 1.76 ትሪሊዮን ሩፒ ይደርሳል ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የድንጋይ ከሰል ማዕድን መጣ፤ በከፊሉ ጊዜ የከሰል ሚኒስቴርን ደርበው የያዙት ራሳቸው ሲንግ ነበሩ። እሳቸውን ሰረቁ ያለ የለም ማለት ይቻላል። ወሬው ሁሉ እያዩ ዝም አሉ ነው። ተቃዋሚዎች በስማቸው ቀልድ ፈጠሩ፤ «ማን» የሚለውን ዝምታ ወደሚል የህንድ ቃል ለውጠው ዝምተኛው ሲንግ አሏቸው። በ2012 ጋዜጠኞች ከምክር ቤቱ ደጅ ከበው ሲጠይቋቸው ዝምታን የሚያወድስ የኡርዱ ግጥም ወረወሩና አለፉ። እሳቸውም እንግዲህ «ዝም አይነቅዝም» ማለታቸው ነበር።

በመስከረም 2013 የደረሰው ግን ለማንበብም ያሳፍራል። ካቢኔያቸው በወንጀል የተፈረደባቸውን የምክር ቤት አባላት የሚያድን አስቸኳይ አዋጅ አጽድቆ ሳለ፣ እሳቸው አሜሪካ ለሥራ በሄዱበት፣ የሶንያ ልጅ ራሁል ጋንዲ በጋዜጠኞች ፊት ወጥቶ አዋጁ ከንቱ ነው፣ ተቀዶ ይጣል አለ። አዋጁ መጣሉ ትክክል ነው። ግን አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር አምኖበት ከሆነ ሊሟገትለት፣ ካላመነበትም መጀመሪያውኑ ሊከለክለው አይገባም ነበር? ሲንግ ተመለሱ፤ አዋጁ ተሰረዘ፤ ወንበራቸው ላይ ቆዩ። በጥር 2014 በሰጡት መግለጫ ከዘመኑ ጋዜጦች ይልቅ ታሪክ ይራራልኛል አሉ። በዚያው ዓመት ምርጫ ፓርቲያቸው 44 መቀመጫ ብቻ አገኘ።

እዚህ ላይ የዶርሙ ክርክር ጋለ። አራተኛዋ «ፍርዳችሁ ቀላል ነው» አለች። «በ1970ዎቹም ዝም ብለው ፋይል ሲፈርሙ ነው የኖሩት። ያኔ ጮኸው ቢወጡ ኖሮ በ1991 የሚጠራቸው አልነበረም። በ2011ም ቢለቁ ሌባው በደስታ ይቀመጥበት ነበር። ዝምታቸው እኮ ሥራ ሠርቷል!» ሦስተኛዋም «ደግሞ አንድ ነገር ጨምሪበት፤ በ2017 ፍርድ ቤቱ በሞገዱ ጉዳይ የተከሰሱትን ሁሉ ማስረጃ የለም ብሎ በነፃ አሰናብቷል» አለች።

ይህ የመጨረሻው ነገር ነው ልባችንን የለወጠው። አስቡት፤ የተባለው ሁሉ እውነት ካልነበረ፣ ውሸቱ ያን ያህል ያደገው ማን ዝም ስላለ ነው? ኤኮኖሚስቱ ያውቁ ነበር። ያ 1.76 ትሪሊዮን የተገኘው በግምት እንጂ ከካዝና በጎደለ ገንዘብ እንዳልሆነ ከእሳቸው የተሻለ ለሕዝብ ሊያስረዳ የሚችል ሰው በህንድ ምድር አልነበረም። የተሰረቀ ካለም ይህን ያህል ተሰርቋል፣ እገሌ ይጠየቅ ሊሉ ይችሉ ነበር። ሁለቱንም አላሉም። ዝምታቸው ሌባውን ከከለለ ንጹሑንም አላዳነም፤ የገዛ ስማቸውንም አሳልፎ ሰጠ። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ዝምታ አለ ማለት ነው። አንዱ ቆጥሮ እስኪጨርስ ዝም የሚል ሰው ዝምታ ነው፤ ይኸኛው አይነቅዝም። ሌላው ቆጥሮ ጨርሶ ቁጥሩን በኪሱ የያዘ ሰው ዝምታ ነው፤ ይኸኛው እንደ ማሽላ ይነቅዛል፤ ጎተራውንም ያበላሻል።

ሽማግሌው አንድ ጊዜ ደግመው ተናግረዋል። በኅዳር 2016 አዲሱ መንግሥት የ500 እና የ1000 ሩፒ ኖቶችን በአንድ ሌሊት ከሥራ ውጭ ሲያደርግ፣ በዋጋ ሲሰላ 86 በመቶ የሚሆነው በእጅ የሚዘዋወር ገንዘብ ወረቀት ሆነ። በዕድሜያቸው 84፣ ሥልጣን የሌላቸው፣ አንድ ዘመን የባንክ ገዥ ሆነው በገንዘቡ ላይ የፈረሙት ሲንግ በላይኛው ምክር ቤት ተነሥተው፣ ዓላማውን አልቃወምም፤ አፈጻጸሙ ግን የተደራጀና ሕግ የለበሰ ዘረፋ ነው፤ ዕድገታችንን እስከ 2 በመቶ ነጥብ ሊቀንስ ይችላል አሉ። ድምፃቸው ያው የፊተኛው ነው፤ ዝቅ ያለ፣ የማይጮኽ። ምክር ቤቱ ግን ሰማ። በነሐሴ 2023 ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው መጥተው ድምፅ ሰጡ። በ2024 ታኅሣሥ 26፣ በ92 ዓመታቸው ዐረፉ። ከሞቱ በኋላ ሰዎች ደጋግመው ያወሩት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ ከመንግሥቱ ጥቁር መኪና ይልቅ የራሴ ነው ይሏት ስለነበረችው ትንሿ ማሩቲ ነው። መልካም ሰው ነበሩ። መልካምነታቸው ነው ክርክሩን ያከበደብን፤ ሌባ ቢሆኑማ በአምስት ደቂቃ እንጨርሰው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የካርድ ገንዘብ አዋጥተን ወደ ወረዳ ደወልን። ስለ ህንድ አላወራናትም፤ ካርዱ አይበቃማ። «ስድብ አትጻፊ፣ ክስም አትጻፊ፣» አልናት፣ «ሦስት ዓምድ አድርጊበት። ወደ መጋዘን የገባ፣ ለገበሬ የተሰጠ፣ መጋዘን ውስጥ ያለ። ከሥሩ ስምሽንና ቀኑን ጻፊ። ኮፒውን ያዢ።» ትንሽ ዝም አለች። «ቆጥሬዋለሁ እኮ» አለች። «ቆጠርሽ? እንግዲያው ምን ቀረሽ» አልናት። እኛ እዚህ ዶርም ተቀምጠን ይህን ማለት ቀላል እንደሆነ እናውቃለን፤ የምትፈርመው እሷ ናት፣ ቤት ኪራይ የምትከፍለውም እሷ ናት። ይህንንም ነገርናት።

ጻፈችው። አለቃዋ ሦስተኛውን ዓምድ አጥፊ አሏት፤ እርስዎ ያጥፉትና እርስዎ ይፈርሙበት አለቻቸው። ሪፖርቱ በየትኛው መልክ ወደ ዞን እንደሄደ አልነገሯትም። ከሳምንት በኋላ መጋዘኑ ተከፍቶ የተወሰነው ማዳበሪያ ለገበሬው ወጣ፤ በሪፖርቷ ይሁን በገበሬዎቹ ጩኸት እሷም አታውቅም። የዘሩ ወቅት ለከፊሉ አልፏል።

ትናንት ስንደውልላት ደህና ናት። ደመወዟ አልተነካም። ጠረጴዛዋ ግን ከመስኮቱ አጠገብ ተነሥቶ በሩ ሥር ተደርጓል፤ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ብርዱ ይመታታል። «በዶርምም የበር በኩሉን አልጋ አይደል የሰጣችሁኝ፣ ለምጄዋለሁ» ብላ ሳቀችብን። የክረምቱን ጃኬቷን ከእኛ ዘንድ ትታው ሄዳለችና ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካለ ንገሩን፤ እንልክላታለን።